ማቅ የለበሰው ፈረስ

ዳንግላ ውስጥ «ፈረስ ማቅ ለብሶ ለጌታው ሲሞት በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል ሽማግሌ ብታገኙ አትከራከሩት። እውነቱን ነው፤ አይቷል። እኔም እዚያው ነበርኩ። ልዩነታችን፣ እኔ ማቁን ማን እንደሰፋችውና ለምን እንደሰፋችው ማወቄ ነው። ይህን ማወቄ ደግሞ እስከ ዛሬ ለማንም አልጠቀመም፤ ለፈረሱም ጭምር።

ከራሴ ልጀምር፤ ነጋዴ ከራሱ ካልጀመረ ነገሩ አይቃናለትም። በንጉሡ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ውስጥ፣ ዳንግላ ገበያ ዳር ጨርቅ እሸጥ ነበር። ትምህርት ቤቴ መንገድ ነው። ፊደል የለየሁት አቡጀዲ ጣቃ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው፤ ሰው ማወቅ የተማርኩት ደግሞ ጨርቅ ሲነካ ጣቱን እያየሁ። ሊገዛ የመጣ ሰው ጨርቁን በአውራ ጣቱ ያሸዋል፤ ሊያማርር ብቻ የመጣ በመዳፉ ይደባብሰዋል። በአዊኛ ሰላምታ እሰጣለሁ፣ በአማርኛ እከራከራለሁ፣ መሐላ ሲመጣ በሁለቱም እምላለሁ።

እንጀራዬ ግን ፈረስ ነበር። ፈረስ አልሸጥም፤ ፈረስ የሚለብሰውን እሸጣለሁ። ያገራችንን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ሚስቱን አቡጀዲ አልብሶ ፈረሱን በከፋይ ይሸልማል። ኮርቻ ላይ የሚጣለው ግላስ፣ ቀዩ ከፋይ፣ ዳር ዳሩን የሚንጠለጠለው ዘርፍ፣ ሁሉም የሚወጣው ከእኔ ሱቅ ነው። ጥምቀት ሲደርስ ደስ ይለኛል፤ ሰርግ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ትልቅ ሰው ሲሞት ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ፊቴን አጥቁሬ ነው ደስ የሚለኝ።

ሱቄ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበረ። ከመቀሱ ሥር የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ከአንዲት ሴት በቀር የሚፈልገው አልነበረም። እሷም ታላቅ እህቴ አንጓች ናት።

የአንጓች ባል ባለጋሪ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። አንድ ክረምት የጋሪ ፈረሱ ጀርባው ቆሰለበትና ለቀቀው። ያገር ልማድ ነው። ያረጀ በሬ እንኳ ሥጋው ይሸጣል፤ ፈረስ ግን አይበላም፣ ስለዚህ መንገድ ላይ ይለቀቅና ጅብ ይረከበዋል። ችግሩ ፈረስ ቤቱን ያውቃል። ያም ፈረስ ተመልሶ መጥቶ በሩን በግንባሩ ሲገፋ አመሸ። ባሏ አልከፈተም፤ እሷም አትክፈች ተባለች። ሲነጋ ከደጃፉ የቀረው ኮቴው ነበር። ከዚያ በኋላ፣ በተለይ ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ አንጓች ደጇ የቆመ እንስሳ አትመልስም። ጋሪ የሰበረው በቅሎ፣ ጭነት ያጎበጠው አህያ፣ እግሩ የተቀጠቀጠ ውሻ፣ ሁሉም ግቢዋ ገባ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እያሉ ባልቴትነቷን ከአህዮቿ ጋር ያጋቡላት ነበር።

የዳንግላ ብርድ አጥንት ይገባል፤ የቆሰለ ጀርባ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይበርደዋል። ስለዚህ ልብስ ትሰፋላቸዋለች። የጆንያ ቁራጭ ታነጥፋለች፣ በላዩ ከአሮጌ ፍራሽ የወጣ ጥጥ ወይም የበግ ጠጉር ትበትናለች፣ ከላይ የእኔን ቁርጥራጭ ገጣጥማ ትከድነዋለች፤ ከዚያ በጆንያ መርፌ እንደ ማሳ ትልም በትልም አድርጋ ትሰፋዋለች። የሕፃን መታቀፊያ ቢያክል ነው፤ ጀርባና ጎን ብቻ ይሸፍናል። ከመስፋቷ በፊት ግን መዳፏን ከቁስሉ በላይ ዘርግታ ትለካዋለች፣ ሳትነካው። ከዚያ ያንኑ መዳፍ ጨርቁ ላይ አሳርፋ ዙሪያውን በከሰል ታሰምርና በመቀስ ትቀደዋለች። እንስሳው ሲለብሰው ቁስሉ ቀዳዳው ውስጥ ይውላል፤ አየር ያገኛል፣ ጨርቅ አይፍቀውም።

ከተማው መሳቂያ አደረጋት። «እትየ አንጓች፣ ዘንድሮ ለአህዮቹ ጃኖ አልሰፋሽም ወይ?» ይሏታል። የነፍስ አባቷ ሳይቀሩ፣ «ልጄ፣ የታረዘ ማልበስ ጽድቅ ነው፤ ግን የተባለው ለሰው ነው» አሏት።

«አባቴ፣ ጽድቁን መቼ ጠየቅሁ?» አለቻቸው። «በርዶታል ነው ያልኩ።»

ከእነዚህ የግቢዋ እንግዶች አንዱ አባ ሰንጥቅ ነበር። በደጉ ዘመኑ ስሙ ሲጠራ ሰው ከመንገድ ይወጣለት ነበር። ጌታው ግራዝማች ተሰማ ይባላሉ፤ ከዳንግላ ወጣ ብሎ ወደ ኮሶበር በሚወስደው መንገድ ዳር ሰፊ መሬት ያላቸው ባላባት ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ ፈረሱም እሳቸውም አባ ሰንጥቅ ናቸው። ዳማ ፈረስ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ አለው፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የተተለተለ። ግራዝማች ታመው ለሕክምና አዲስ አበባ ሲሄዱ ቤቱ በልጃቸው በታከለ እጅ ወደቀ። ታከለ ባሕር ዛፉን ያስቆርጥ ጀመር፤ አባ ሰንጥቅን ደግሞ ግንድ አስጎተተበት። ኮርቻ እንጂ ገመድ የማያውቅ ጀርባ ተላጠ። አጥንቱ ብቅ ሲል ለቀቁት። እጅጉ የሚባል ሌላ ባለጋሪ ነው መንገድ ዳር ቆሞ አግኝቶት ወደ እህቴ የነዳው።

ክረምቱን ሙሉ አተላ እያጠጣች፣ ልብስ እያለበሰች አቆየችው። መስከረም ሲጠባ ቁስሉ ከዳር ወደ መሀል ሥጋ መሙላት ጀመረ። አንገቱን ቀና ያደርግ ጀመር። አንድ ቀን የሰፌድ እህሏን ሰርቆ ሲበላባት እየሰደበችው ስትስቅ ደረስኩ። አንጓች ስትስቅ ካየሁ ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ መርዶ መጣ። ግራዝማች አዲስ አበባ ሞተው እዚያው ተቀብረዋል።

እዚህ ላይ ወጋችንን ለማያውቅ ልንገረው። ትልቅ ሰው በሰው አገር ሲቀበር፣ አገሩ ላይ ለቅሶ ሜዳ ይወጣለታል። ካባው ይወጣል፣ ጠመንጃው ይወጣል፣ ከሁሉ በላይ ፈረሱ ተሸልሞ፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ ሜዳውን ይዞራል። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ አስከሬኑ ፈረሱ ነው። ፈረሱ ካልወጣ ሰውየው የሞተ ሳይሆን የጠፋ ይመስላል።

በለቅሶው ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ታከለ ሱቄ መጣ።

«ቀይ ከፋይ አምጣ ይስማው፤ ካለህ ሁሉ ጥሩውን» አለ። ጨርቁን በአውራ ጣቱ አሸው። ሊገዛ ነው።

«እግዜር ያጥናህ» አልኩት። «ለየትኛው ፈረስ ነው?»

«ለየትኛው ትላለህ እንዴ? ለአባ ሰንጥቅ ነዋ!»

«አባ ሰንጥቅማ… ለቃችሁት አልነበረም ወይ?»

«ጠፍቶብን ነው እንጂ መልቀቅ ማን አለ? አሁን እህትህ ዘንድ እንዳለ ሰማሁ።»

ግንድ ሲያስጎትተው ያላየ የመንገድ ሰው አልነበረም። ግን ሐዘንተኛ ነው፤ ሐዘንተኛን አይከራከሩትም። አብሬው ሄድኩ፤ ብቻውን ከሚሄድ ብዬ።

አንጓች ግቢዋ ውስጥ ግንድ ላይ ተቀምጣ ለአንዲት አህያ ልብስ ትሰፋለች። ታከለ ከወገቡ ጎንበስ አለ።

«እንደምን ዋሉ እትየ አንጓች። ፈረሳችንን ስላቆዩልን እግዜር ይስጥልን።»

«አላቆየሁላችሁም» አለች፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል። «አቆየሁለት።»

«ነገ ለቅሶ ነው። አባቴ በፈረሱ ይለቀስለታል።»

«ይለቀስላቸው፣ ደግ ሰው ነበሩ። ይኸ ግን ኮርቻ ከነካው አይተርፍም።»

«ጥቂት ዙር እኮ ነው። ለክብር ነው እንጂ ለሥራ አይደለም።»

ተነሳች። ፈረሱ ዘንድ ሄዳ ልብሱን ከወደ ማጅራቱ ገለጥ አደረገችው። «ና ተጠጋ» አለችው ታከለን። «በል፣ ክብሩ የቱ ጋ እንደሚቀመጥ አንተው በእጅህ አሳየኝ።»

ታከለ ፊቱን አዞረ። ወዲያውም «እርስዎ» ቀረ።

«ስሚ አንቺ ሴት! ፈረሱ የአባቴ ነው፤ የአባቴ የሆነ ደግሞ የእኔ ነው። ዳኛ ፊት ብንቆም ምን ትያለሽ?»

«ቆስሎ መጣ፣ እላለሁ።»

እኔ ደግሞ ዳኛውን አሰብኩ። ነገ ጋቢያቸውን ደርበው ከለቅሶው ድንኳን ከፊት የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ይህ ክርክር ገና ሳይጀመር ተፈርዶበታል። ስለዚህ የማውቀውን አንድ ነገር አደረግሁ፤ ገበያ ጀመርኩ። ታከለን በክንዱ ይዤ ወደ አጥሩ ወሰድኩት።

«ታከለ፣ አንተ የምትፈልገው ፈረሱን ነው ወይስ የፈረሱን መልክ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ይህን ከሲታ አውጥተህ መሀል ሜዳ ቢዘረርብህ ሰው ምን ይላል? አባቱን ቀብሮ ሳይጨርስ ፈረሱን አስርቦ ገደለ አይልም? የባለጋሪው የእጅጉ ፈረስ ዳማ ነው፣ ቁመቱም አንድ ነው። ጆሮውን በዘርፍ እንሸፍናለን። ቦቃውን በኖራ እንሠራለታለን። ግላሱ ሆዱ ድረስ ያለብሰዋል፤ ሰው የሚያየው የእኔን ከፋይ ነው። ከፋዩም ከእኔ ይሁን፣ ስጦታ።»

ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ከፋይ በስጦታ የሰጠሁበት ቀን የለም። ታከለ ፈረሱን አየ፣ እኔን አየ።

«ቢታወቅስ?»

«ከታወቀ በእኔ አሳብብ።»

ተስማማ። ሲወጣ አንጓች ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ «ይህ ማጭበርበርህ አንዳንዴም ለበጎ ይውላል፣ ወንድሜ» አለችኝ። ከሷ አፍ ይህ ምርቃት ነው።

በማግስቱ ጠዋት እኔና እጅጉ የጋሪውን ፈረስ አጥበን፣ ኖራውን በእንቁላል ውሃ ለውሰን ግንባሩ ላይ ቦቃ ሣልንለት። ከፋዩን ሲለብስ፣ እውነት እላችኋለሁ፣ እጅጉ ራሱ ፈርቶት «አንቱ» ሊለው ምንም አልቀረው።

ሜዳው በሰው ጠቁሯል። ካባው በእንጨት ላይ ተሰቅሏል፣ ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ መሬት ተዘቅዝቋል። ፈረሰኞቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ ሰብሰብ ሰብሰብ ብለው በሌላ ወገን። አልቃሿ መሀል ቆማ ሙሾ ታወርዳለች። ታከለ ራሱ ፈረሱን እየሳበ ገባ። «አባ ሰንጥቅ! አባ ሰንጥቅ!» ሆነ። እኔ እፎይ አልኩ።

ችግሩ የጋሪ ፈረስ የጋሪ ፈረስ ነው። ሴቶች ሰብሰብ ብለው ባየ ቁጥር ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«ምን ሆነ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ተሳፋሪ መስሎት ነው» አለ እጅጉ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

ሴቶቹ ግን «እየተሰናበተን ነው!» ብለው ለቅሶውን አባሱት፤ እኔም በልቤ ይህ ነገር ከዕቅዴም በላይ ሠመረ አልኩ። ያኔ ነው ካፊያው የጀመረው። ስስ ካፊያ፣ ጋቢ እንኳ የማያስደርብ። ቦቃው ግን ረዘመ። ረዘመና ወደ አፍንጫው ወረደ፤ ከአፍንጫው ተንጠባጠበ።

የግራዝማች ታላቅ እህት እሜቴ ብርቄ ከድንኳኑ ተነሱ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ግን አባ ሰንጥቅን ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያበሉት እሳቸው ናቸው። በምርኩዛቸው እየተመሩ መጡና የፈረሱን ግንባር ዳሰሱ። ጣታቸው ነጭ ሆነ።

«ታከለ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ለወንድሜ በባለጋሪ ፈረስ ታስለቅስለታለህ?»

ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ፈረሰኞቹ ግን ሰሙ። አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ በአዊኛ፣ «ሬሳው የለ፣ ፈረሱ የለ፤ ታዲያ ማን ሞቶ ነው የመጣነው?» አለ። ሳቅ አልነበረም። ቢሳቅ ይሻል ነበር። የታከለ ፊት እንደ አመድ ሆነ፤ በእኔ አላሳበበም፣ ጊዜም አልነበረውም። ለሁለት ፈረሰኞች ብቻ በእጁ ወደ ዳንግላ፣ ወደ አንጓች ግቢ አመለከተ።

«እጅጉ፣ ጋሪህን! እንቅደማቸው!» አልኩ።

«በምን ልቅደም?» አለኝ። «ፈረሴ ከፋይ ለብሶ ለቅሶ ላይ ነው።»

በእግሬ ሮጥኩ። መንገዱ ግማሽ ላይ ተገናኘን። ፈረሰኞቹ አባ ሰንጥቅን በገመድ ይስባሉ፤ አንጓች ጋማውን ይዛ ከጎኑ ትራመዳለች፤ ነጠላዋ የለም፣ ወይ እነሱ ነጥቀዋት ወይ አጥር ላይ ቀርቶባት። ፈረሱ ልብሱን እንደለበሰ ነው።

«ልከለክል አልቻልኩም» አለችኝ። «በእጃቸው ሲገፉኝ፣ ልብሱን ብቻ አታውልቁበት አልኳቸው። ኮርቻው ከላይ ይሁን። ቀዳዳው ላይ እንዳያርፍ አንተም ንገራቸው። ንገራቸው ይስማው!»

ነገርኳቸው። ታከለንም ነገርኩት፤ «በእርምጃ ብቻ ይዙር፣ እንዳታስሮጠው» አልኩት። «በአባቴ ሞት!» ብሎ ማለልኝ፤ አባቱ ግን ሞቷል። ኮርቻውን በልብሱ ላይ ጫኑት፣ መቀነቻውን ሲያጠብቁት ፈረሱ ሆዱን ነፋ፣ አልጮኸም። የረጠበውን ከፋይ ከጋሪው ፈረስ ገፈው ለሱ አለበሱት። እሜቴ ብርቄ የተተለተለውን ጆሮ ዳስሰው፣ «አዎ፣ እሱ ነው» አሉና እዚያው ተንበርክከው አለቀሱ።

በእርምጃ ጀመረ። አንጓች ከሴቶቹ ፊት ቆማ እርምጃውን በከንፈሯ የምትቆጥርለት ትመስል ነበር። የመጀመሪያውን ዙር ጨረሰ። ይተርፋል ብዬ አመንኩ፤ በእውነት አመንኩ።

ታከለ መሐላውን አላፈረሰም። ያፈረሰው ፈረሱ ነው። ፈረሰኞቹ ስሙን ጠርተው ሲፎክሩና አንዱ ጥይት ወደ ሰማይ ሲተኩስ፣ ያ ግንድ ሲጎትት የከረመ ፈረስ አንገቱን ሰበቀ። በሕይወቱ የተማረው ይህንኑ ነው፤ ስሙ ሲጠራና ጥይት ሲጮህ መሮጥ። ገመዱን ከታከለ እጅ አስጥሎ ወጣ። ከፋዩ ከኋላው እንደ እሳት ይነዳል። ሕዝቡ በእልልታና በጩኸት አበደ። ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሀል «ያዙት! ያዙት!» የሚል አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ የእህቴ።

ካባው ፊት ሲደርስ በጉልበቱ ወደቀ። ሊነሳ ሞከረ፤ ከዚያ በጎኑ ተዘረረ። መቀነቻው ተበጠሰ፤ ኮርቻና ከፋይ አንድ ላይ ተንሸራተው ወረዱ። ከሥሩ የጆንያና የጥቁር ቁርጥራጭ ልብስ ለሰው ሁሉ ታየ። በመሀሉ ካለው ቀዳዳ ደም ይወጣል።

ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አሁን እውነቱ ወጣ፣ አሁን ሁሉም ሊያውቅ ነው ብዬ አሰብኩ። ሰው አውቃለሁ የምል ነጋዴ፣ ሰውን አላወቅሁትም።

አልቃሿ እጇን ወደ ላይ ወረወረች።

«ማቅ ለብሷል! ተመልከቱ፣ ከከፋዩ ሥር ማቅ ለብሷል!

ሰዉ በላይ በላዩ ጥቁር ሲለብስ፣
ማቁን ውስጥ ለበሰ የአባ ሰንጥቅ ፈረስ!»

ያ ሁሉ ሕዝብ እንደ አንድ ሰው ጮኸ። ደረት ተደቃ፣ ፊት ተነጨ። ሽማግሌ ፈረሰኞች ከፈረሳቸው ወርደው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ታከለ አንድ አፍታ ደንዝዞ ቆመ፤ ከዚያ ፈረሱ አንገት ላይ ወድቆ፣ «ተከተልከው! ጌታህን ተከተልከው ወይ!» አለ። ታከለ ዕድል ስታልፍ በጅራቷ ሳይሆን በጋማዋ የሚይዝ ሰው ነበር። ነጋዴ ባለመሆኑ ገበያው ተጎድቷል።

«ድሪቶ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እህቴ ናት የሰፋችው! ጀርባው ተልጦ ነው!»

አንድ ሽማግሌ ክንዴን ያዙ። «ዝም በል ልጄ» አሉኝ በርኅራኄ። «ለቅሶ አታበላሽ።»

አንጓች ከፈረሱ ራስ አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። ሲተነፍስ ቆየ፤ ከዚያ ተወው። «በርዶት ነበር እኮ» ትላለች አጠገቧ ላለችው ሴት። «በርዶት ነው የሰፋሁለት።»

ሴትዮዋ እያለቀሰች አቀፈቻት። «አዎ እህቴ፣ ሐዘን ያበርዳል» አለቻት።

ሲመሻሽ ከፋዩን ገፈው፣ ኮርቻውን አንስተው፣ አባ ሰንጥቅን በበሬ አስጎትተው ከወንዙ ማዶ ጣሉት። ድንኳን ውስጥ ግጥሙ ገና አላለቀም ነበር፤ ጅቡ ግን ግጥም አልጠበቀም። አንጓች ታከለ ፊት ቆመች።

«ልብሱን ስጠኝ። አህያዋ ራቁቷን ናት።»

ታከለ ልብሱን በጥንቃቄ አጥፎ በብብቱ ይዞታል። «ይኸማ የአባቴ ማቅ ነው፣ እትየ አንጓች» አላት። «እርስዎም የሐዘናችን ተካፋይ ነዎትና እግዜር ይስጥልን።» «እርስዎ» ተመልሶ መጥቷል። እየመሸ ስለነበር እህቴ አህዮቿን ልታስገባ ሄደች።

ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ከአዘናም ከኮሶበርም ሰው ሱቄ ይመጣ ጀመር። «የፈረስ ማቅ አለህ ወይ? ለለቅሶ ነው» ይለኛል።

«ምን ዓይነት?» እላለሁ።

«ከጆንያ የተሰፋ፣ መሀሉ ላይ ቀዳዳ ያለው።»

«ቀዳዳው ለምንድን ነው?»

«ወጉ ነዋ!» ይለኛል፣ በድንቁርናዬ አዝኖ።

«ቀዳዳ ያለው የምትሰፋ እህቴ ናት፤ እሷ ግን ላልሞተ ነው የምትሰፋ» እያልኩ መለስኳቸው። አንድም ወደሷ የሄደ የለም። ጎረቤቴ ነጋዴ ሸጠላቸው፤ ደህና አድርጎም አተረፈ። የማቁ ወግ በደመቀበት በዚያው ዘመን ያረጁ ፈረሶችን መልቀቅ አልቀረም፤ እንዲያውም «አንጓች ታነሳዋለች» እየተባለ ደጇ ላይ ይለቀቁ ጀመር። ክረምት ሲገባ ለሁሉም ልብስ ማዳረስ አቃታት።

ያ ቀን ምን ለወጠብህ ብትሉኝ፣ አንደኛ ከፋይ መሸጥ ተውኩ። ጆንያ፣ ገመድና ሸራ ወደ መሸጥ ዞርኩ፤ ጨርቁን በአውራ ጣቱ የሚያሸው ሰው ሳይ ደስታዬ ጠፍቶ ነበርና። ሌላውን ለመናገር ጊዜ ፈጅቶብኛል። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የእኔን ሙያ ከእኔ በነፃ ተማሩ፦ ሰውን በውሸት ማታለል ከባድ ነው፤ የደከማችሁበትን ቦቃ ካፊያ ያጥበዋል። ሰው ወድዶ፣ አልቅሶ፣ ደረቱን ደቅቶ ራሱን ሲያታልል ግን የአገራችን ክረምት ሁሉ ቢወርድበት አይለቅም። ከዚያ ወዲህ በግጥም የተመሰገነ ሰው ስሰማ፣ ከከፋዩ ሥር የማን መርፌ እንዳለ እጠይቃለሁ። መልስ ግን አልጠብቅም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ታከለ ልጁን ሲድር ጠራኝ። እልፍኙ ውስጥ፣ ከጠመንጃውና ከአባቱ ፎቶግራፍ መሀል፣ ልብሱ ተሰቅሏል። የእኔን ቁርጥራጮች አንድ በአንድ አወቅኋቸው፤ ያች ጥቁር የአንድ ቄስ ቀሚስ ትራፊ ናት፣ ያች ካኪ የአንድ ፖሊስ ሱሪ። ከእንግዶቹ አንዱ ወደ ቀዳዳው አመለከተ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ጥይት ነው» አለ ታከለ። «አባቴ ጦር ሜዳ ላይ ሳለ ፈረሱን ያገኘው።»

«ጥይት አይደለም፣ መቀስ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «እህቴ በመዳፏ ለክታ ነው የቀደደችው። ቀርበህ መዳፍህን ግጠምበት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ይስማው ያው ይስማው ነው! ጨርቅ ሲያይ መቀስ ይታየዋል!» አለ ታከለ፤ ጠጅ አስጨመረልኝ።

ከዚያ ስወጣ በቀጥታ አንጓች ዘንድ ሄድኩ። ዓይኗ ደክሟል፤ በዳሰሳ ነው የምትሰፋው። ሁሉንም ነገርኳት፤ ግድግዳውን፣ ጥይቱን፣ ሳቁን። መርፌዋን ሳታቆም ሰማችኝ።

«ብል አልበላውም?» አለችኝ።

«አልበላውም። እንደነበረ ነው።»

ክሩን ስባ አጠበቀች። አጥሩ ሥር ስሟን የማላውቃት አንዲት በቅሎ ትንቀጠቀጣለች።

«ጥጡ ደህና ጥጥ ነበር» አለች። «ሂድና ይመልሱልኝ በላቸው። ቀዳዳውን በቁራጭ እጥፈዋለሁ፤ ዘንድሮ ብርዱ ከፍቷል።»